የሥራው ካርድና የቤቱ ደብተር

የሚዛን ሠራተኛ ነኝ። ሸዋሮቢት ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ማሾ እየገዛ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት አለ። የድርጅቱ መጋዘን በር ላይ ቆሜ የገበሬውን ከረጢት የምመዝነው እኔ ነኝ። ከረጢቱ ከትከሻ ሲወርድ አይቼ ኪሎውን እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። ይሄ ችሎታ ግን ሰውን ያበላሻል። ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገር በዓይኔ የምለካ መሰለኝ። ገበሬዎቹ «እንድሪስ ያለው ልክ ነው» ሲሉኝ ጊዜ እኔም አመንኩ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔም ያጠብኩት አለኝ።

ቤታችን ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ የሽንኩርት እርሻ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ባለቤቴ ዘይነባ ትንሽ የመስኖ መሬታችን ላይ ሽንኩርት ታለማለች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉን፣ ስድስትና አራት ዓመታቸው ነው። ከነሱ በላይ ረምላ አለች። ይሄ ነገር የሆነ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ረምላ የታላቅ ወንድሜ የሰይድ ልጅ ናት። ሰይድ ሲሞት ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። እናቷ ወጣት ስለነበረች ሽማግሎች መክረው ሌላ ባል አገባች፣ ወደ መተሐራም ሄደች። ልጅቱ እኛ ዘንድ ቀረች። ይሄ በይፋት ምድር አዲስ ነገር አይደለም። «አባዬ» እያለችኝ አደገች፤ እኔም ልጄ ከማለት በቀር በሌላ ጠርቻት አላውቅም። በእኛ ወግ ያሳደጉትን ልጅ በሰው ፊት «የወንድሜ ልጅ ናት» ማለት ነውር ነው። ልጁን ከገበታው ገፋ ማድረግ ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ነገሩን አከበድኩትና ስለ ሰይድ ማውራቱን ራሱ ተውኩት።

ቤታችን የጤና መድን ደብተር ነበረው። ቀበሌው የሚሰጠው፣ ገበሬውና ነጋዴው በዓመት አንዴ የሚያድሰው ማለቴ ነው። የተሰጠው በዘይነባ ስም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበን ጋሼ መኮንን የሚባል ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ ነበር። እሱ ያኔ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «እዚህ ቤት ማን ማን ያድራል?» ሰይድን በደንብ ያውቀው ስለነበር ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይጠይቀን «ረምላ ሰይድ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የአምስታችንም ፎቶ ተለጠፈ።

ያን ጊዜ እኔ በማሾ ወቅት ብቻ የምቀጠር ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ። ኋላ ግን ቋሚ ሆንኩ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይም ድርጅቱ ለቋሚ ሠራተኞች የሕክምና ኢንሹራንስ ገባ። አንድ ወጣት ወኪል ከደብረ ብርሃን መጥቶ መጋዘኑ ውስጥ ሰብስቦ አስረዳን። ሁለት ምርጫ አለ አለ። አንደኛው ለሠራተኛው ብቻ ሲሆን ሙሉ ክፍያውን ድርጅቱ ይችላል። ሁለተኛው ከሚስትና ከልጆች ጋር ነው፣ ከደመወዝ ይቆረጣል። ሁለተኛውን መረጥኩ። እዚህ ድረስ ስህተት የለብኝም።

ቅጹ ላይ የልጆች ስም ከነአባታቸው የሚሞላበት ቦታ ነበር። ከግርጌ በትንንሽ ፊደል ልጅ ማለት የተወለደ ወይም በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ እንደሆነ ተጽፏል። አየሁት። አንብቤም አለፍኩት። ሦስቱንም በእኔ ስም ሞላሁ፤ ሁለቱን ወንዶች፣ ከነሱ በላይ ደግሞ «ረምላ እንድሪስ» ብዬ። ወኪሉ ሦስቱም የእርስዎ ናቸው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ የኔ ናቸው አልኩት። የማጭበርበር ሐሳብ አልነበረኝም። ሌላ ነገር ብጽፍ የካድኳት ነበር የሚመስለኝ።

ጥር ላይ ጋሼ መኮንን ደብተሩን ሊያድስ መጣ። የሥራዬን የፕላስቲክ ካርድ አውጥቼ አሳየሁትና ከእንግዲህ አያስፈልገንም አልኩት። ዘይነባ ከጓዳ ወጥታ አይሆንም አለች። የሥራው የሥራ ነው፣ ይሄ የቤት ነው፣ ለምን ሁለቱም አይኖሩንም አለችኝ።

«ሁለት ጃንጥላ ይዞ የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አንድ ጃንጥላስ ለአምስት ሰው ይበቃል?» አለች።

ጋሼ መኮንን ጣልቃ አልገባም። ደብተሩን ዘግቶ እየተነሳ ግን እንዲህ አለኝ፤ «እንድሪስ፣ ይሄ የምዝገባ በር አሁን ከተዘጋ የሚከፈተው በዓመቱ ነው። በመሃል ብትለምነኝ እንኳ እኔ ልከፍትልህ አልችልም።» ይሁን አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ጥቅምት መጣ። ማሾ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ ቀና የምንልበት ጊዜ የለም። አንድ ረቡዕ ማታ ረምላ እራቷን ሳትነካ ተነሳች። እንብርቴ አካባቢ ያመኛል አለች። ዘይነባ አብሽ አዘጋጅታ ሰጠቻት፣ መልሳ አስመለሰችው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ግድግዳ ይዛ ጎንበስ ብላ ስትሄድ አየኋት። ቀጥ በይ እስቲ አልኳት። አልቻለችም። ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኗ ወርዶ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ የሆዷን ቀኝ ታችኛ ክፍል ጫን አድርጋ ድንገት ለቀቀችው። ረምላ የሻሿን ጫፍ ነከሰች። ወዲያው ወደ ከተማው ሆስፒታል ላኩን። ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለ፤ ኦፕራሲዮን የሚያደርገው ባልደረባው ግን ከከተማ ውጭ ነበር። «ደብረ ብርሃን ዛሬውኑ ትድረስ። ነገ አይባልም» ብሎ ወረቀት ጻፈልን። ወረቀቱ ወደ መንግሥት ሆስፒታሉ የሚል ነበር። ስሟም ከድሮ ካርዷ ተገልብጦ «ረምላ ሰይድ» ተብሏል። አየሁት። እሱንም አለፍኩት።

አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ አጣዬ ሄዶ ነበር። የማውቀው የሚኒባስ ሹፌር ወደ ደብረ ብርሃን ሊነሳ ተሳፋሪ ሲጠራ አገኘሁት፣ የኋላውን ወንበር ለቀቀልን። ዘይነባ ትንንሾቹን ይዛ መቅረት ነበረባት። በመስኮት በኩል ቦርሳ አቀበለችኝና ወደ መንግሥት ሆስፒታሉ ነው አይደል የምትሄዱት አለች። የለም፣ ካርዱ ወደሚሠራበት የግል ሆስፒታል ነው አልኳት። ቦርሳውን ስከፍት ያ ያልታደሰ ደብተር አለ። ጊዜው ያለፈበትን ምን ላድርገው ብላት ፎቶዋ አለበት አለችኝ።

ከሦስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ተነሳን። ደብረ ሲናን እስክናልፍ ድረስ በየኩርባው ረምላ የሸሚዜን እጅጌ ጨብጣ ትይዛለች። የለበሰችው የቆላ ስስ ቀሚስ ነው፤ ዳገቱን ስንወጣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር ብለው አዩና ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት። ይቆርጡኛል ወይ አለችኝ። ተኝተሽ ነው፣ አታውቂውም አልኳት። ትንሽ ቆይታ ብዙ ብር ነው ወይ አለች። ያን ጊዜ ካርዱን ከኪሴ አወጣሁና ይሄ ካለ ብር አይጠይቁንም አልኳት። ስሟን በጣቴ አሳየኋት። አነበበችውና ካርዱን መለሰችልኝ።

የጣርማ በርን ዋሻ እንደወጣን አንድ ነገር ሆነ። ረምላ እጅጌዬን ለቀቀች። ቀና አለች። «ተሻለኝ፣ አባዬ» አለች። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወደ ዘይነባ ደውዬ ቀለል አላት አልኳት። ሹፌሩም ሰምቶ ደስ አለው። ደብረ ብርሃን ስንገባ የት ላድርሳችሁ ሲለኝ የግሉን ሆስፒታል ስም ነገርኩት፣ በር ላይ አወረደን። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

መስኮቱ ላይ የነበረችው መዝጋቢ ትሑት ወጣት ነበረች። የካርዴን ቁጥር አስገብታ ኮምፒዩተሩን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና ኮምፒዩተሩን አየች።

«ጋሼ፣ እዚህ ያለችው ረምላ እንድሪስ ናት። ይሄ ወረቀት ደግሞ የረምላ ሰይድ ነው።»

የላከን ሆስፒታል ተሳስቶ ነው አልኳት። በዚያች ቅጽበት እውነቱን ብናገር ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩላችሁ ነበር። እሷ ለኢንሹራንሱ ደወለች። እነሱ የልደት ምስክር ወረቀት ይላክ አሉ። ከየት ላምጣ? እኔው ራሴ መጋዘን መጥቶ ለነበረው ወኪል ደወልኩ። ልጅዎ ናት አይደል ሲለኝ ናት አልኩት። እንግዲያው ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ አለ። ወረቀት የለኝም ስለው ኃላፊው ምሳ ወጥቷል፣ ስምንት ሰዓት ይመለሳል፣ አናግሬው እደውላለሁ አለኝ። ያለ ኢንሹራንስ ለመግባት የሚጠየቀው መያዣ ከአቅሜ በላይ ነበር። መንግሥት ሆስፒታሉ በባጃጅ ቅርብ ነው። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ተሽሏት የለም እንዴ?

አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢ እንደለበሰች አጠገቤ ተኛች። እናትየዋ ሲወርዱ ጋቢውን ትተውላት ነበር። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ አልተደወለም። ስምንት ተኩል ላይ ግንባሯን ብነካው ያተኩሳል። ከንፈሯ ደርቋል። ሆዷ ላይ ጋቢው ሲነካት እንኳ ትሸሻለች። መስኮቱ ጋ ሄጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። መዝጋቢዋ አልተቆጣችም። ከመስኮቱ ኋላ ወጥታ መጣችና ረምላ አጠገብ ቁጢጥ አለች። የኔ ቆንጆ፣ ያባትሽ ስም ማን ነው ብላ ጠየቀቻት።

ረምላ ለእሷ አልመለሰችላትም። አንገቷን ወደ እኔ አዞረች።

«አባዬ፣ የትኛውን ልበል?»

ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ። መዝጋቢዋም ሰማች። የነገርኳትን ሁሉ ለመመለስ የተዘጋጀች ልጅ ናት እያየችኝ ያለችው። ሰይድ በይ ካልኳት ሰይድ ትላለች፣ እንድሪስ በይ ካልኳት ትዋሽልኛለች፣ ያውም እንዲህ ሆና። ዘጠኝ ዓመት የደበቅኩ የመሰለኝን ነገር እሷ ካወቀች ጀምሮ ለእኔ ስትደብቅልኝ ኖራለች ማለት ነው። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«የወንድሜ ልጅ ናት። ሰይድ ይባላል፣ ሞቷል። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

መዝጋቢዋ የረምላን ግንባር ነካችና ሮጣ ገባች፣ ሐኪም ይዛ ተመለሰች። ሐኪሙ እዚያው አግዳሚው ላይ ሆዷን ዳሰሳት፣ ፊቱ ተለወጠ። ግሉኮስ ሰቀሉላትና ሳያስከፍሉን በራሳቸው አምቡላንስ ወደ መንግሥት ሆስፒታሉ አደረሱን። እዚያ ካርድም ደብተርም የጠየቀኝ የለም። ወረቀቱን አንብበው፣ ልብሷን ቀይረው፣ ቀጥታ ይዘዋት ገቡ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።

ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ የቆላ ሰው አጥንት ውስጥ ይገባል። ለዘይነባ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ዱዓ አድርግ አለችኝ፣ ዘጋችው። ከቦርሳው ደብተሩን አወጣሁ። አምስታችን ተደርድረን ፎቶ ላይ አለን፤ ረምላ ከእኔና ከዘይነባ መሃል ናት። ከሥሩ የጋሼ መኮንን የእጅ ጽሑፍ አለ። እሱ የጻፈው እውነት በኔ እጅ ከጥር ጀምሮ ተዘግቶ ተቀምጧል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሐኪሟ ወጣች። ፈንድቶ ነበር፣ አጥበነዋል፣ ትተርፋለች ብለን እናስባለን አለች። ከዚያ ሕመሙ ድንገት ቀለለኝ ያለችበት ጊዜ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ አልኳት።

«ያኔ ነው የፈነዳው። ሲፈነዳ ለጊዜው ይቀላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነው የሚገድለው» አለች። እኔ ያን ሰዓት ምን ላይ እንዳዋልኩት አልነገርኳትም።

ዘጠኝ ቀን ተኛን። ሦስቱ ቀን አስፈሪ ነበር። በአራተኛው ቀን ሾርባ ጠጣች፣ ቀና ብላም ተቀመጠች። ያን ጊዜ መቼ ነው ያወቅሽው ብዬ ጠየቅኳት። ግራ ገባት።

«ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ እኮ ረምላ ሰይድ ነው» አለች።

ይሄንም አላሰብኩትም ነበር። ታዲያ ለምን አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም አልኳት። «አንተ ስለሱ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። የማይወራ መስሎኝ» አለችኝ። ከዚያ ረጅም ነው ወይ አጭር፣ ከሁለታችን ማናችን እንመስለዋለን እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። ሳወራላት ዋልኩ። ሰይድ ሳቁ ከሩቅ እንደሚሰማ፣ ጀውሃ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ በጉን ይዞ እንደተሻገረ፣ ስሟን እሱ ራሱ እንዳወጣላት። አለቀስኩም፤ ምን እደብቃለሁ።

የሕክምናውን ወጪ መድን ሳይሆን ያልደረሰው ሽንኩርታችን ከፈለ። ዘይነባ ማሳ ላይ እንዳለ ለደላላ ሸጠችው። ደብተሩ ታድሶ ቢሆን ኖሮ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ በተጻፈልን የመላኪያ ወረቀት ወጪው ሁሉ በተሸፈነልን ነበር። እሷ ግን እስከ ዛሬ አንስታብኝ አታውቅም፣ ጃንጥላውን ካልሆነ በቀር። ዝናብ ሲያካፋ «አንዱን ነው የምትይዘው ሁለቱን?» ትለኛለች።

ቤት ስንገባ የሰፈራችን ሸህ ሊጠይቁን መጡ። የሆነውን ስነግራቸው ፍቅርህን አላህ ይቀበልህ አሉኝ። «ስሙ ግን ያንተ አይደለም፣ አማና ነው፣ የሰው አደራ። የሞተ ሰው ለልጁ ሌላ ምን ይተዋል?» አሉ። እኔ ስሜን የሰጠኋት ነበር የሚመስለኝ። የሷን እየወሰድኩባት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ብዙ አይደለም። ፍርድ ቤት ሄጄ የሞግዚትነት ወረቀት አወጣሁ። ለወኪሉ ደውዬ ዋሽቻለሁ አልኩት፤ ስሟ ከሥራው ካርድ ተሰረዘ፣ ድርጅቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፣ የሚገባኝ ነው። ሞግዚትነቱ ለሥራው ኢንሹራንስ አይበቃም ተባልኩ። ይሁን። ወንዶቹ ልጆች በሁለቱም አሉ፣ ረምላ በቤቱ ደብተር ትኖራለች።

እናንተም የምታነቡኝ፣ ሥራ ቦታችሁ ቅጽ ሲሰጣችሁ ትንንሾቹን ፊደሎች አትለፏቸው። የሥራው ኢንሹራንስ የሚያውቀው ወረቀት ያለውን ሰው ነው። ከኛ መጋዘን አንዱ ቅጹን መልሶ ሲያነብ አብረውት የሚኖሩት እናቱ እንደሌሉበት አወቀ። ሌላው በኒካህ ያገባት ሚስቱ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስለሌላቸው እንደማትታወቅለት ደረሰበት፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደው አወጡ። የሥራው ኢንሹራንስ ሥራው ሲቀር አብሮት የሚቀር መሆኑንም አስቡ። የቤቱ የሚጠይቀው ቤታችሁ የሚያድረውን ነው፣ ግን በሩ በዓመት አንዴ ነው የሚከፈተው። ከሁለቱ አንዱን ከመተዋችሁ በፊት ማታ ገበታ ላይ የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ እያያችሁ ይሄ በየትኛው አለ ብላችሁ ጠይቁ። በዓይን አትገምቱ። እኔ በግምት የታወቅኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ እመኑኝ።

ጥር ላይ ጋሼ መኮንን መጣ። እንኳን ደህና መጣህ ብዬ ወንበር አቀረብኩለት። «ሁለተኛውን ጃንጥላ ልትይዝ ነው?» አለኝ፣ ዘይነባ ነግራው ኖሯል። ሳቅን። አዲስ ደብተር ስለሆነ ስም እንደገና ይሞላል። የዘይነባን ጻፈ፣ የኔን ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን አንስቶ በር ላይ ወደቆመችው ረምላ ዞረ። የሰይድ ባልንጀራ የነበረ ሰው ነው፣ ሳያውቅ አይደለም የጠየቃት።

«ስምሽ ከነአባትሽ?»

«ረምላ ሰይድ» አለች፣ ወደ እኔ ዞር ሳትል።